በአንድ ክፍለ ጊዜ 37 ጊዜ «ክሊር?»

የአንባቢያችን ደብዳቤ አጠር ተደርጎ፦

«አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ገና የመጀመሪያ ሴሚስተሬ ነው። አራት ክፍል አለኝ፣ በየክፍሉ 62 ተማሪ። ተማሪዎቼ ‹ክሊር› የሚል ስም አውጥተውልኛል። በቀደም አንዱ በ40 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ‹ክሊር?› እንዳልኩ በደብተሩ ጀርባ በሰረዝ ሲቆጥር ያዝኩት፤ 37 ደርሷል። ለመጻፍ ፊቴን ወደ ሰሌዳ ሳዞር ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ቴስት ላይ ማሱ (የቁሱ መጠን) 50 ኪሎ ግራም የሆነ ልጅ ዌይቱ (ግራቪቲ የሚስብበት ኃይል) ስንት ነው ብዬ ብጠይቅ፣ 11 ልጆች 5000 ኒውተን ብለው መለሱ። 248 ወረቀት ሳርም ይነጋል፤ ስመልስላቸው ደግሞ ማርክ ለማኝ ይሰለፋል። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ‹አርጩሜ ያዝ፣ ጥርስህን አታሳያቸው› ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

ወንድማችን፣

በቅድሚያ ለስሙ እንኳን ደስ ያለህ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከመቶ ዓመት በፊት ከተከፈተ ወዲህ በዚያ ሰፈር ጠመኔ የያዘ ሰው ሁሉ ቅጽል ስም ሳይወጣለት አልቀረም። «ክሊር» ደግሞ ከስሞቹ ሁሉ ጨዋው ነው። ከራሰ በራነት፣ ከጥርስ ወይም ከአረማመድ የወጣ ስም እስከ ጡረታ አይለቅም፤ ያንተው ከአፍ ልማድ የመጣ ስለሆነ ልማዱ ሲቀር ስሙም ይሳሳል። ማን እንዳወጣው ብቻ አታጣራ። ሞኒተሩን (የክፍል አለቃውን) ጠርተህ መመርመር የጀመርክ ቀን፣ እስካሁን ያልሰማው ክፍል በእረፍት ሰዓት ይሰማል፤ በሳምንቱ የበሩ ጥበቃም በዚያው ስም ይጠራሃል።

ይልቅ ቁጥሩን እንየው። በ40 ደቂቃ 37 ጊዜ ማለት በየደቂቃው አንድ ለመሙላት ጥቂት ነው የቀረህ። ሱፐርቫይዘር ከኋላ ቢቀመጥ «የማስተማር ዘዴው መሻሻል ይኖርበታል» ብሎ ፎርም ሞልቶ ነበር የሚሄደው። ይህ ልጅ ግን በቁጥር አስቀምጦልሃል።

«ክሊር?» የማይሠራው መልሱ ከጥያቄው በፊት የታወቀ ስለሆነ ነው። ፊት ወንበር ያሉት «የስ ቲቸር!» ይላሉ፣ የቀረው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ያልገባው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እንዳልገባው ራሱ አያውቅም፤ የሚያውቀውም ቢሆን 61 ራስ ወደሱ እንዲዞር አይፈልግም። አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ከሆነና ሆዱ ከጮኸማ «አልገባኝም» ማለት ደወሉን በገዛ እጅ ማራቅ ነው።

በቦታው የምታስገባው፣ ያልገባው ሰው የሚሳሳትበት መንገድ አስቀድሞ የሚታወቅ ጥያቄ ነው። ምሳሌውን ከራስህ ቴስት እንውሰድ። ሰሌዳ ላይ «ማሱ 50 ኪሎ ግራም የሆነ ልጅ ጨረቃ ላይ ቢወጣ ማሱ ስንት ይሆናል?» ብለህ ጻፍ። ምርጫዎቹ፦ 1ኛ፣ 50 ኪሎ ግራም፤ 2ኛ፣ 8 ኪሎ ግራም ገደማ፤ 3ኛ፣ ዜሮ። ሁሉም የመረጠውን ቁጥር በጣቱ ያሳይ። ሁለት ጣት ያሳየህ ልጅ ማስንና ዌይትን አቀላቅሏል፤ የጨረቃ ግራቪቲ የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል መሆኑን ሰምቶ ያለቦታው ተጠቅሞበታል። ሦስት ጣት ያሳየህ አየር ከሌለ ግራቪቲም የለም ብሎ ያምናል። አንድ ጣት ያሳየው ገብቶታል፣ ወይም ገምቷል። ስለዚህ «ለምን?» ብለህ ከነሱ አንዱን ጠይቅ።

አፈጻጸሙ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥያቄውን ካነበብክ በኋላ ቢያንስ 5 ሰከንድ ዝም በል። ለአዲስ መምህር 5 ሰከንድ ዝምታ የክረምት ዕረፍት ያህል ይረዝማል፣ ግን ቻለው። ከዚያ «አሳዩ» ስትል ሁሉም በአንድ ጊዜ ጣቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ያሳይ። እጁን ወደ ላይ ካነሳ ከኋላ ያለው ሁሉ የሰቃዩን (የጎበዙን) ጣት አይቶ ይገለብጣል፤ ያን ጊዜ ያወቅኸው የአንድ ልጅ ዕውቀት ብቻ ነው። ጥቂቶች ከተሳሳቱ ጎን ለጎን ያሉት 2 ደቂቃ ይነጋገሩና ድጋሚ ጠይቅ። ከግማሽ በላይ ከተሳሳቱ በሌላ መንገድ አስረዳ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ መድገም ሌላ መንገድ አይባልም። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይበቃል። ሌሰን ፕላንህ ጠርዝ ላይ ከቤት ጽፈህ ግባ፤ ቆመህ ልፍጠር ካልክ አፍህ ወደ «ክሊር?» መመለሱ አይቀርም።

ቆጣሪውን ልጅ ደግሞ ሥራ ስጠው። መቁጠሩን እንደሁ አይተውም፤ የክፍሉን ስም ዝርዝር ስጠውና በየክፍለ ጊዜው የተናገረውን ተማሪ ምልክት ያድርግበት። አርብ ስታየው የምታስተምረው 62 ልጅ ሳይሆን ሁልጊዜ የሚመልሱትን እፍኝ የማይሞሉ ልጆች መሆኑን ሳትገነዘብ አትቀርም።

አሁን ወደ ጀርባህ እንምጣ። ክፍሉ ገበያ የሚሆነው ንቀት ስላለ አይደለም። አንተ 6 ደቂቃ ስትጽፍ 62 ሰው ሥራ ይፈታል፣ በቃ። ሁለት መስመር ጻፍ፣ ዞር በል፣ ተናገር፣ ድጋሚ ጻፍ። ስትጽፍም ትከሻህን ወደ ተማሪው ከፈት አድርገህ በጎን ቁም። ሰሌዳውን በሁለት ቀጭን መስመር ሦስት ቦታ ክፈለው፦ በግራ ርዕሱ፣ ፎርሙላውና ዩኒቱ እስከ ደወል የማይጠፋ፤ መሐሉ የምትሠራበትና የምታጠፋው፤ ቀኙ ለሥዕልና ለቤት ሥራ። ፊደልህ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይቁም። የሰሌዳውን ታችኛ ክፍል፣ ከተቀመጡ ተማሪዎች ራስ ዝቅ የሚለውን፣ እርሳው። የኋላ ወንበር ከፊቱ ያለውን ጸጉር እንጂ ጽሑፍህን አያይም፤ «ቲቸር፣ አራተኛው መስመር ምንድነው?» የሚለው ጫጫታ ግማሹ ከዚያ የሚመነጭ ነው። አንድ ቀን ተማሪ ሳይገባ ጽፈህ መጨረሻው ዴስክ ላይ ሄደህ ተቀመጥና አንብበው።

ጠመኔው ሲፏጭ ክፍሉ በሙሉ ጆሮውን ይዞ ለአንድ ደቂቃ ቲያትር ይሠራል። የሚፏጨው ሙሉውን ጠመኔ ቀጥ አድርገህ ስትይዘው ነው፤ ያዝ ለቀቅ እያለ ይንቀጠቀጣል። ለሁለት ስበረውና ጋደል አድርገህ ጻፍበት። ዳስተሩንም ከላይ ወደ ታች ሳብ። ወደ ጎን ካራገብከው ብናኙ ፊት ወንበርና ጋዋንህ ላይ ያርፋል፤ ነጭ ጋዋን ነው ብለህ አትጽናና፣ ጉሮሮህ ነጭ አይደለም።

ስም መጥራትም አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነው። 62 ስም እያንዳንዱ በ3 ሰከንድ ቢጠራ ከ3 ደቂቃ በላይ ይበላል፣ ያውም ለአንድ ስም ሁለት «አቤት» ከሁለት ማዕዘን ካልመጣ። የመቀመጫ ካርታ ሥራ፦ በአንድ ወረቀት ዴስኮቹን ስለህ ስማቸውን ጻፍበት። ሞኒተሩ ባዶ ቦታዎቹን ያስመዝግብህ፣ አንተ በዓይንህ አመሳክር። ያን ጊዜ ተማሪው ሰሌዳ ላይ አስቀድመህ የጻፍካትን አንዲት የትናንት ጥያቄ ይሥራ። አርፍዶ የሚመጣ ልጅ ገብቶ ያችኑ ጥያቄ ይቀጥል፤ በር ላይ አታቁመው። ከፒያሳና ከአካባቢው ተነስተው ከተማው ዳር የገቡ ቤተሰቦች ልጆች ትምህርት ቤታቸውን ሳይቀይሩ ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ «ታክሲ አጥቼ ነው» የሚለው ሰበብ ከእውነት ጋር የተገናኘበት ዘመን ላይ ነን። የፎረፈውን ከዘገየው የምትለየው በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ሳምንት መዝገብ ነው።

የባልደረባህን አርጩሜ በአጭሩ እንለፈው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ስለዚህ ጉዳዩ የማስተማር ዘዴ ሳይሆን የሕግ ጥሰት ነው። ጥርስህንም አሳይ። ስቀህ ወደ ሥራ መመለስ ከቻልክ ሳቅ ዲሲፕሊን አያፈርስም።

አሁን ወደ ተጓዧ ዜሮ። ዌይት የሚገኘው ማስን በምድር ግራቪቲ፣ በ10 ገደማ፣ በማባዛት ነው፤ 50 በ10 ሲባዛ 500 ነው። 5000 የመጣው አንድ ልጅ አንዲት ዜሮ አሳስቶ ስለጨመረ ነው፤ ከዚያ ዜሮዋ በእግሯ ተጓዘች። የመቀመጫ ካርታህን አውጣና 5000 የጻፉትን ልጆች አክብባቸው። ተያይዘው ከተቀመጡ መንገዷን ታየዋለህ። ትክክለኛ መልስ መመሳሰሉ ምንም አይነግርህም፣ ሁለት ጎበዞች ሊመሳሰሉ ይችላሉና። የሚናገረው የተሳሳተ መልስ ነው። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ሁለት ልጆች ቢሳሳቱ፣ ሦስቱ የተሳሳቱ ምርጫዎች እኩል የሚስቡ ከሆነ፣ አንዱኑ ምርጫ የመያዛቸው ዕድል ከሦስት አንድ ነው። ስምንት ጥያቄ ተሳስተው ስምንቱም ላይ አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን ዕድሉ ከ6,561 አንድ ይሆናል። ያም ሆኖ ከመክሰስህ በፊት ሌሎቹን ክፍሎች እይ። በሌላ ፎቅ የተፈተነው ክፍልም 5000 ካለ፣ የዜሮዋ አገር ሰሌዳህ ሊሆን ይችላል።

ከመያዝ ይልቅ መከላከል ይቀላል። የጥያቄ ተራ መቀያየር ብቻውን አይበቃም፤ የለመደ ኮራጅ የጥያቄውን ጽሑፍ ፈልጎ ያገኘዋል። ፈተናውን በአራት ዓይነት (ኮድ) አዘጋጅና ቁጥሩን ቀይር፦ ኮድ 1 ላይ 40 ኪሎ፣ ኮድ 2 ላይ 45፣ ኮድ 3 ላይ 55፣ ኮድ 4 ላይ 60። መልሶቹ 400፣ 450፣ 550፣ 600። ኮድ 4 የደረሰው ልጅ 450 ኒውተን ብሎ ከመለሰ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግህም።

ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ዴስክ የሚታደለው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ዴስክ 1፣ 2፣ 1፤ ከኋላው ያለው 3፣ 4፣ 3፤ ከዚያ ኋላ እንደገና 1፣ 2፣ 1። መተላለፊያውን ተሻግሮ ያለውን ረድፍ በ3፣ 4፣ 3 ጀምረው። በዚህ አደላደል በአንድ ረድፍ ውስጥ ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላም ሆነ በሰያፍ የሚነካካ አንድ ዓይነት ኮድ የለም። ብዙ መምህር የሚሳሳተው ኮፒው ላይ ነው፣ አራቱን ኮዶች እኩል እኩል ያስባዛል። 1 እና 3 የሌሎቹ እጥፍ ይፈለጋሉ፦ ለ62 ተማሪ 1 እና 3 ከ21 እስከ 22፣ 2 እና 4 ደግሞ 11 አካባቢ፣ ከሁሉም ሁለት ሁለት መጠባበቂያ። ሌላው ስህተት ምርጫ ሲያቀያይሩ «ኤ እና ቢ» ወይም «ከላይ ያሉት ሁሉ» የሚለውን መርሳት ነው፤ ኮድ 3 ላይ «ከላይ ያሉት ሁሉ» የመጀመሪያው ምርጫ ሆኖ ሲገኝ ተማሪው ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል። መልሱን ከኮምፒውተር አትገልብጥ፣ የታተመውን ወረቀት ይዘህ አራቱንም ኮድ ራስህ ተፈተን።

ማባዛት ካነሳን፣ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷል፣ ከሱቁ ደንበኛ ብዙው ደግሞ ተማሪ ነው። ፋይሉን በፒዲኤፍ በፍላሽ ይዘህ ሂድ፣ በሱቁ ቴሌግራም አትላከው። ታትሞ እስኪያልቅ ከማሽኑ አትራቅ። ዴስክቶፕ ላይ የተገለበጠውን አጥፋ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርግ። የተበላሸውን ወረቀት ከቅርጫቱ አንስተህ ይዘህ ውጣ። ከፈተናው አንድ ቀን በፊት ካልሆነ አታሳትም።

አጤሬራን (ተደብቆ የሚገባ የኩረጃ ወረቀትን) በተመለከተ፣ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ፣ የማስመሪያ ጀርባ ላይ፣ የሹራብ እጅጌ ስር ስትፈትሽ ፈተናው ያልቃል። ይልቅ ፍቀደው። እያንዳንዱ ተማሪ በእጅ የተጻፈ አንድ ግማሽ ገጽ ፎርሙላ ይዞ ይግባ፣ ስሙ ያለበት፣ ከመልስ ወረቀቱ ጋር የሚሰበሰብ። ፎቶ ኮፒ ክልክል ነው። ምን ልጻፍ ብሎ ሲመርጥ ሳያውቀው ያጠናል፤ ይህን ግን አትንገረው፣ እንዳይተወው። በአንጻሩ «ዌይት ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል የሽምደዳ ጥያቄ ካወጣህ ወረቀቷ ትበላሃለች። ሥሌትና «ለምን» ጠይቅ።

ይህን ሁሉ ድካም ለ10 ማርክ ቴስት ምን አመጣው ካልከን፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በተሰጠው የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ሲጀምሩ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፣ ኩረጃ ብቻ ነው የሚል ካለ አቃልሎታል። ግን የጎኑን ልጅ ወረቀት ተማምኖ ያደገ ተማሪ ጎኑ ሌላ አገር ሰው ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ልማዱ የሚጀመረው ያንተ ክፍል ውስጥ ነው።

እርማቱ። 248 ወረቀት እያንዳንዱ በ3 ደቂቃ ማለት 744 ደቂቃ ነው፣ ከ12 ሰዓት በላይ። አራቱንም ክፍል በአንድ ሳምንት አትፈትን፤ ሁለቱን በዚህ ሳምንት፣ ሁለቱን በሚቀጥለው። ጥያቄው ከክፍል ወደ ክፍል ይሻገራል፣ ስለዚህ ለሁለተኛው ዙር ቁጥሮቹን እንደገና ቀይር። ወረቀቱን አስቀድመህ በየኮዱ ለይ፤ ከዚያ ወረቀት በወረቀት ሳይሆን ጥያቄ በጥያቄ አርም፦ የኮድ 1ን ሁሉ አምስተኛ ጥያቄ፣ ከዚያ ስድስተኛውን። መልሱ ጭንቅላትህ ውስጥ ስለሚቀመጥ ይፈጥናል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የምትሰጠው ማርክም ከ1 ሰዓቱ ጋር ይቀራረባል። ለምርጫ ጥያቄ ካርቶን ላይ የትክክለኛ መልሶቹን ቦታ በስተህ መልስ ወረቀቱ ላይ አስቀምጠው።

ቀይ እስክሪብቶህ ሦስት ነገር ሳያደርግ ወረቀት አይመለስ። አንደኛ፣ ባዶ የተተወ ቦታ ሁሉ ይሰረዝ፤ አለዚያ ወረቀቱ በተመለሰ በ5 ደቂቃ ውስጥ ባዶው ይሞላና «ቲቸር፣ ይሄን ሳያዩት አልፈዋል» ይባላል። ሁለተኛ፣ የተሳሳተው ፊደል ላይ በቀጥታ ኤክስ አድርግ፣ ጎኑ ላይ አይደለም። ዲ በአንዲት መስመር ቢ ትሆናለችና፤ በእስክሪብቶና በትልቁ ፊደል ብቻ ይጻፍ ብለህ አስቀድመህም አሳውቅ። ሦስተኛ፣ ድምሩን ወረቀቱ ላይና ማርክ ሊስትህ ላይ ሳትነሳ በአንድ ጊዜ ጻፍ። ታክሲ ውስጥ አትረም፤ ረዳቱ በሩን ሲከፍት የሚበረው ወረቀት ሁልጊዜ የሰቃዩ ነው።

ወረቀት የምትመልሰው ክፍለ ጊዜው ሲጀምር ነው። መጨረሻ ላይ ከመለስክ ሰልፉ እስከ መምህራን ማረፊያ ይከተልሃል። መልሶቹን ሰሌዳ ላይ ጻፍና 10 ደቂቃ ስጣቸው። የድምር ስህተት እዚያው ይስተካከል፣ ያለ ክርክር። ሌላው ቅሬታ ወረቀቱ ጀርባ ላይ የጥያቄ ቁጥርና ምክንያት ተጽፎበት ይሰብሰብ፣ በማግስቱ መልስ ይሰጥበት። «በእናትዎ ቲቸር፣ አንድ ማርክ ብቻ» ምክንያት ስላልሆነ አይጻፍም፣ አይሰማምም። ለአንዱ በአዘኔታ አንድ ከጨመርክ 247ቱ እናት አላቸው።

ሮስተር (የሴሚስተር ውጤት መዝገብ) ከመሞላቱ ሦስት ቀን በፊት ደግሞ ማርክ ሊስቱን ይዘህ ግባ። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መስመር አይቶ ይፈርምበት፣ የጎኑን እንዳያይ በማስመሪያ ሸፍነህ። ከዚያ በኋላ «የኔ ተሳስቷል» ብሎ የመጣውን ፊርማውን አሳየው።